ኤምሊን ፈረስና የሐምሌዋ ፎርትናይት

እንግሊዞች ሁለት ሳምንትን በቀን ሳይሆን በሌሊት ቆጥረው «ፎርትናይት» ይሏታል፤ አስራ አራት ሌሊት እንደ ማለት ነው። የእኛ የዌልሶቹ አያቶች ደግሞ አንድ ጨምረው አስራ አምስት ሌሊት ይሉ ነበር። እኔ የአያቶቼን ቆጠራ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቃሏ በሰው አፍ ብዙ ሥራ አላት። ቤት አከራይ «በፎርትናይት ውስጥ ልቀቁ» ይላል። ሐኪም «ይህን ዋጡና በፎርትናይት ተመለሱ» ይላል፤ እስከዚያ ወይ ይድናሉ ወይ ይሞታሉ፣ እሱም ያርፋል። ልብስ ሰፊያችን «ማክሰኞ ፎርትናይት ነይ» ስትል ከማክሰኞ ሁለት ሳምንት ቆጥራ ነው፤ ቀሚሱ ግን ያን ቀንም አይደርስም።

በኩምግላስ መንደር «ፎርትናይቷ» ከተባለ ግን አንዲት ብቻ ናት። በሐምሌ መጨረሻ የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ይዘጋል፤ የሸለቆው ቆፋሪ ሁሉ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ድስቱን፣ አንዳንዱም ወፉን ከነጎጆዋ ይዞ ፖርትኮል ወደሚባለው ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። እዚያ በተጎታች ቤቶች ተደርድሮ ይሰነብታል። አደራደሩም እንደ መንደሩ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች እዚያም ግድግዳ ይጋራሉ፣ እዚህ የጀመሩትን ጭቅጭቅ እዚያ ይጨርሳሉ። ከሰኔ ጀምሮ የማንኛውም ነገር መልስ አንድ ነው። ጣሪያው መቼ ይጠገን? ከፎርትናይቷ በኋላ። ልጅቷ መቼ ትዳር? ከፎርትናይቷ በኋላ። እኛ ሰዎች ከባዱን ነገር ሁሉ ከእሷ ማዶ አስቀምጠን ነው የምንኖረው።

ይህ የኤምሊን ፕሮሰር ታሪክ ነው። በእኛ ዘንድ ሁሉም ፕሮሰር፣ ሁሉም ሪስ ስለሆነ ሰው የሚለየው በሥራው ነው። ወተት አመላላሹ ዳይ ወተት ነው፤ ጋጋሪው ኢቫን ዳቦ ነው፤ እኔ ነስታ ሱቅ ነኝ። እሱ ኤምሊን ፈረስ ነበር፤ በጉድጓዱ ውስጥ ጋሪ ለሚጎትቱት ድንክ ፈረሶች ባልደራስ ነውና።

የተወለደው በላይኛው ረድፍ ቤቶች ነው። እንደማንኛውም ወንድ ልጅ ጉድጓድ ወረደ፤ ገና ጢም ሳያወጣ ጣሪያ ተንዶበት ግራ እግሩ ተሰበረ፤ ሲጠገንም አጥሮ ቀረ። ለቁፋሮ የማይሆን ሰው ምን ይደረግ? ከመሬት በታች ካለው ጋጣ አስገቡት፤ ፈረሶቹን አብላ፣ አጠጣ፣ ቁስላቸውን እጠብ አሉት። እዚያው ቀረ። ወንድም እህት የለውም። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቱን እስክትሞት አስታመመ፤ እሷን ሲቀብር እድሜው አርባን ተጠግቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በቤቱ መብራት የሚበራበት መስኮት አንድ ብቻ ሆነ። ከፈረሶቹ ጋር ሲያወራ ይውላል ይሉታል፤ ለሰው ግን ቃል በማንኪያ ነበር የሚሰፍረው።

ፈረሶቹም ቢሆኑ ወሬ የሚገባቸው ነበሩ። ቦውለር የሚባለው የቆፋሪዎቹን የምሳ ቆርቆሮ በጥርሱ ከፍቶ ዳቦ ይሰርቃል። ዱክ የሚባለው ደግሞ ጋሪዎቹ በሰንሰለት ሲያያዙ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሰምቶ ከልኩ አንድ ከበለጠ ንቅንቅ አይልም፤ ቢለምኑትም ቢሰድቡትም ያው ነው። ኤምሊን ታዲያ፣ «ከሁላችሁ መብቱን የሚያውቅ ዱክ ብቻ ነው» ይላቸው ነበር ቆፋሪዎቹን።

ፈረሶቹ ፀሐይ የሚያዩት በፎርትናይቷ ብቻ ነው። ሰው ባሕር ከመውረዱ በፊት ባለው ዓርብ፣ ዓይናቸው በጆንያ ጨርቅ ተሸፍኖ በአሳንሰር ይወጣሉ፤ ኤምሊን ከጸሎት ቤቱ በላይ ወዳለው ሜዳ ይነዳቸዋል። መንደሩ በሙሉ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ጨርቁን ሲፈታላቸው መጀመሪያ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ አያምኑም። ከዚያ አንዱ ይሮጣል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል፤ ይንከባለላሉ፣ ይራገጣሉ፣ ያሽካካሉ። ጠንካራ የተባለ ወንድ ሁሉ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ የሚልበት ቀን ነው።

በማግስቱ አውቶቡሶቹ ይሄዳሉ። የሚቀረው ጉድጓዱ እንዳይሞላ ውሃውን በፓምፕ የሚያወጡት ጥቂት ሰዎች፣ ከአልጋ የማይነሱ ሽማግሌዎችና ኤምሊን ነው። ፈረሶቹን ማን ይጠብቃል?

እኔም እቀራለሁ። ባሌ ትሬቨር ሪስ በጉድጓዱ ውስጥ የሞተ ዓመት «ነይ፣ ባሕር ያጽናናሻል» አሉኝ። ባሕር ማንን አጽናንቶ ያውቃል? ፓምፕ የሚሠሩት ሰዎች ዳቦ ይፈልጋሉ ብዬ ሱቄን ከፍቼ ቀረሁ። ሦስት ደንበኛ ይዤ ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ ሳለ ኤምሊን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

«ወይዘሮ ሪስ፣ የተበላሸ ፖም ይኖርዎታል?»

«አቶ ፕሮሰር፣ እኔ የተበላሸ ዕቃ አልሸጥም።»

«ልገዛ አይደለም። ለዱክ ነው።»

«ለዱክ ከሆነማ ራሴ አመጣለታለሁ። እርስዎ መንገድ ላይ ይበሉበታል።»

ሳቀ። አንድ መንደር ውስጥ አብረን አድገን ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከሰዓት በኋላ የለሰለሱትን ፖሞች በሽርጤ ቋጥሬ ሜዳው በር ላይ ሄድኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን «እርስዎ» መባባሉ ከየት እንደ ወደቀ ሳናውቀው ወደቀ፤ እሱ ነስታ፣ እኔ ኤምሊን ሆንን። ያ በማንኪያ የሚናገር ሰው ምን ያህል ወሬ እንዳለው ብታዩ! እናቱ አልጋ ላይ ሆና እንዴት እንደምትቆጣው፣ ቦውለር የመንደሩን አለቃ ሳንድዊች እንዴት እንደበላበት፣ ከመሬት በታች መብራት ሲጠፋ የፈረስ ጅራት ይዞ እንዴት እንደሚወጣ ያጫውተኛል። እኔም ስለ ትሬቨር ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። እኔ ቤት ምሳ ይበላል፤ ሳህኑን አጥቦ ይደረድራል። ከዚያ በላይስ ምን ነበር እንደምትሉ አውቃለሁ። እሱን ለራሴ ልተወው።

ቅዳሜ አውቶቡሶቹ ከሸለቆው ታች ጡሩምባቸውን ሲነፉ ሽርጤን አሰርኩ፣ እሱም ባርኔጣውን ደፋ። በጸሎት ቤት በር ላይ በሰው ፊት ስንገናኝ፣ «እንዴት ሰነበቱ፣ ወይዘሮ ሪስ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አቶ ፕሮሰር።»

በሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው። በሚቀጥለውም። ዓመቱን ሙሉ ትምባሆ እየሸጥኩለት፣ መልሱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ እጄን እየሰበሰብኩ፣ ሐምሌ ሲደርስ ደግሞ ነስታ እየሆንኩ ወጣትነቴ አለፈ።

የፎርትናይቷ መጨረሻ እሑድ ፈረሶቹ ተይዘው ወደ ጉድጓዱ የሚመለሱበት ነው። ያውቁታል። ልጓም ሲያዩ ወደ ሜዳው ጥግ ይሸሻሉ፤ ቆፋሪዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ያሯሩጧቸዋል፣ ጭቃ ላይ ይወድቃሉ፣ መንደሩም ይስቃል። ኤምሊን አይሮጥም። ሁሉም ሲደክም እሱ ወደ ሜዳው መሃል ያነክስና ጀርባውን ለፈረሶቹ ሰጥቶ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። አንድ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ መዳፉ ክፍት ነው፣ ስኳር እንኳ የለበትም። ከዚያ ይጠብቃል። መጀመሪያ ዱክ ይመጣል፤ አፍንጫውን መዳፉ ላይ ያሳርፋል። ሌሎቹም ይከተሉታል።

አንድ ፎርትናይት ላይ ጠየቅኩት። «ለምን ፊትህን አትሰጣቸውም?»

«ፊት ለፊት ካየሽው የምትይዢው ይመስለዋል፣ ይሸሻል። ጀርባሽን ስጪና እጅሽን ዘርጊ። የፈለገሽ ራሱ ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ አልፈለገም ማለት ነዋ። ያልፈለገን ምን ታደርጊዋለሽ?»

ሰው በሚመለስበት ቅዳሜ ማታ ቤቶቹ ሁሉ በሰው ተሞልተው፣ ልጆች ከባሕር ያመጡትን ዛጎል ሲነፉ እሰማለሁ፤ ኤምሊን በረድፉ ጫፍ በሩን ሲዘጋም እሰማለሁ። ይህች ናት እንግዲህ አያቶቼ የጨመሯት አስራ አምስተኛዋ ሌሊት። መንደሩ ባዶ በነበረበት ሁሉ ብቸኝነት አልተሰማኝም። ብቻዬን የምሆነው ሰው ሲመለስ ነበር።

ለምን ዝም አላችሁ ትሉኛላችሁ። አማቴ ከፊት ለፊቴ ነው የምትኖረው፤ ለልጇ የለበሰችውን ጥቁር አላወለቀችም። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች አሉ። ጎረቤቴ ዲሊስ አለች፤ አንድ ነገር ከሰማች ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱም ጠየቀኝ ብዬ አልዋሽም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል። እኔ እህል ሻጭ ነኝ፣ የነቀዘ ነገር አውቃለሁ።

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ሞተር ገባ። በሚያዝያ ፈረሶቹን ለመጨረሻ ጊዜ አወጧቸው፤ አብዛኞቹን ገበሬዎች ወሰዷቸው። ዱክ አርጅቶ ስለነበር ሜዳው ላይ ተዉት፣ ሰኔ ሳይገባ ሞተ። ኤምሊንን የቆፋሪዎቹ መብራት የሚሞላበት ክፍል አስገቡት። እኔ ደግሞ በሆዴ አንድ ነገር ብቻ አሰላስላለሁ፤ ዘንድሮ በምን አሳቦ ይቀራል?

ሐምሌ ሲደርስ የዲሊስ ባል ግሪፍ ሱቄ ውስጥ ቆሞ የኤምሊንን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ዘንድሮ ባልደራሳችንን ባሕር እናስነካዋለን! ከእኛ ተጎታች ቤት አንድ አልጋ አለ። ሰበብ የለህም፣ ኤምሊን። ሞተሩ ሣር አይበላ!»

«ውሃ ያየ እንደሆነ ይደነግጣል» አለች ዲሊስ። «ነስታ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? እንውሰደው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ኤምሊን የባርኔጣውን ጠርዝ ያሻሻል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። «የባሕር አየር ለእግራቸው ይበጃል።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለ ኤምሊን። ትምባሆውን ሳይወስድ ወጣ።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። ኤምሊን የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ የእናቱን አሮጌ ሻንጣ ይዞ ተሳፈረ። በእኔ በኩል ካለው ክፍት መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። እኔ በሬ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሙሉ ለሙሉ ዞረና ጀርባውን ሰጠኝ።

ተቀይሞኛል፣ አልኩ። ይሂድ እንግዲህ! ሾፌሩ ሃውል ሞተሩን አስነስቶ እንደገና ወረደ፤ ጎማውን ረገጠ፣ ዞሮ ሌላውን ረገጠ፣ ወጥቶ መስታወቱን ጠረገ። ዛሬ ደግሞ ምን ነካው እያልኩ ቆምኩ። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ በሩ ተዘጋና ሄዱ። እኔ ገብቼ ገዢ በሌለበት ጨው መመዘን ጀመርኩ።

ያቺን ፎርትናይት እንዴት እንዳሳለፍኳት አልናገርም ብዬ ነበር፤ ልናገር። የለሰለሰ ፖም በሽርጤ ቋጥሬ ሜዳው ድረስ ሄድኩ፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ሣሩ ማንም ስላልጋጠው ጉልበቴ ደርሷል። ፖሞቹን አጥሩ ላይ ደርድሬ ተመለስኩ፤ በማግስቱ ቁራዎች በልተዋቸዋል። ምሳ ለሁለት ሰው ሠርቼ ለአንድ አቀረብኩ። ባሌ የሞተ ጊዜ አልቅሼ ነበር፤ ሰው ሁሉ መጥቶ አብሮኝ አለቀሰ። ለዚህኛው ግን ማን ይምጣልኝ?

ሲመለሱ ለትምባሆው መጣ። ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል።

«ባሕሩ እንዴት ነበር፣ አቶ ፕሮሰር?»

«ሰፊ ነው፣ ወይዘሮ ሪስ።»

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከእነሱ ጋር ሄደ። በዚህ ተለማመድን። ሜዳውን ለኳስ መጫወቻ አረሱት፣ አማቴም ሞተች፣ ኤምሊንም እንደ ሌሎቹ የጉድጓዱ አቧራ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ማሳል ጀመረ። ሱቄ ድረስ ያለችውን ዳገት ሁለት ጊዜ አርፎ ነበር የሚወጣት። በየካቲት አንድ ቀን ጠዋት ግሪፍ ሊጠይቀው ሄዶ ወንበሩ ላይ ሞቶ አገኘው።

በእኛ ሀገር መቃብር የሚሄደው ወንድ ነው፤ ሴት ቤት ትቀራለች። ወንዶቹ ሳጥኑን ይዘው በሱቄ ፊት እየዘመሩ ሲያልፉ ባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ ለአንዲት ልጅ ክር እየቆረጥኩ ነበር። ድምፃቸው ከጥግ እስኪጠፋ ሰማሁ። ልጅቷን ሸኘሁ። ከዚያ የሳሙና ካርቶን ቀድጄ «ለፎርትናይት ተዘግቷል» ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩት፣ ቁልፉንም አዞርኩ። ትሬቨር ሲሞት ያልተዘጋ፣ ለማንም ሐምሌ ያልተዘጋ ሱቅ በየካቲት ብርድ ተዘጋ። ሰው ይመጣል፤ ያነባል፤ ባርኔጣውን ያነሳል፤ ይሄዳል። አንድም ሰው አላንኳኳም።

በሳምንቱ ዲሊስ በጓሮ በር መጣች።

«ክፈቺ፣ ነስታ። ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

ከፈትኩላት። ድስቱን አስቀምጣ ሳትጋበዝ ተቀመጠች፤ ልማዷ ነው።

«እናውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ምኑን ትላለች ደግሞ! ግሪፍ ስንቴ ‹ፈረሶቹን እኔ ልጠብቅልህ፣ አንተ ሂድ› ብሎታል። አንድ ቀን እሺ ብሏል? ሣር ለሚግጥ ፈረስ ያን ያህል ጠባቂ የት አለ?»

«አማቴስ?»

«እሷም ታውቅ ነበር። ‹ልጄ ከሞተ ቆየ፤ ይህቺ ልጅ ምን ትጠብቃለች?› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?» ጮኽኩባት። «አንቺ ስለ ሁሉ የምትለፈልፊ፣ ይህን ሲሆን ነው አፍሽን የያዝሽው?»

«እናንተ እንዲያ ታፍናችሁ እኛ በየት በኩል እንግባ? ያን ዓመት አውቶቡስ ላይ የጫንነው ለዚሁ ነበር። ሲሄድባት ትጮሃለች፣ ውረድ ትለዋለች አልን። የሃውል ጎማ ምንም አልሆነም ነበር፣ ነስታ። አንዲት ቃል እንድትወጣሽ ብሎ ነው የቆመ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ አንቺን ነበር የሚጠብቅ።»

«እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር» አልኳት። «በዓይኔ አይቻለሁ። ፊቱን አዞረብኝ።»

«አዎ፣ ያቺ ነገር እኔንም ገርማኛለች። ከኋላው ነበርኩ። ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንድ እጁን ወደ ኋላ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ ዝቅ አድርጎ ዘርግቶ፣ እንዲህ አድርጎ ተቀመጠ። ሃውል በሩን እስኪዘጋ አላነሳውም። ትከሻውን አሞት ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አሳየችኝ። መዳፏ ክፍት ነበር።

ካልመጣ አልፈለገም ማለት ነዋ፣ ብሎኝ ነበር ሜዳው ላይ። ከሱቄ በር እስከዚያ መስኮት አንድ ጎዳና እንኳ አይሞላም። ኤምሊን አልፈለገችኝም ብሎ ነው የሞተው።